መጻፍ መቻልና መጠገን መቻል፦ ሊኑክስ በዊንዶውስ ዲስክ ላይ ሲጽፍ

የሊኑክስ ስርጭቶች በዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት ላይ የመጻፍ ችሎታ ሊኖራቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ጊዜው ያለፈበት ይመስላል። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 ባወጣው 7.10 በተባለው እትሙ በኤንቲኤፍኤስ ዲስኮች ላይ መጻፍን ያለ ተጨማሪ ዝግጅት ለተጠቃሚው ከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዛሬ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዊንዶውስ ሲሠራበት የቆየውን ኤክስተርናል ዲስክ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ፋይል ይገለብጣል፣ ይሰርዛል፣ ስም ይቀይራል። ከሥር ምን እንደሚካሄድ እንዲያስብ የሚያስገድደው ነገር የለም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ክርክሩ የተዘጋው ከእኩሌታው ላይ ነው። ስርጭቶቹ የመለሱት «መጻፍ ይቻላልን?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «የተጻፈው ቢበላሽ በምን ይጠገናል?» የሚለው እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘም፤ የምርምር መረጃን ለአደጋ የሚያጋልጠውም በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ክፍተቱን ለመረዳት የኤንቲኤፍኤስን አሠራር በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ይህን የፋይል ሥርዓት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ጋር ነው። በዲስኩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፋይል ዋናው የፋይል ሠንጠረዥ በሚባለው መዝገብ ውስጥ ቢያንስ አንድ ረድፍ አለው። ረድፉ ብዙውን ጊዜ 1024 ባይት ነው፤ ፋይሉ እጅግ ትንሽ ከሆነ ይዘቱ ራሱ እዚያው ረድፍ ውስጥ ይቀመጣል። የሥርዓቱ ልዩ ጠባይ ራሱን የሚያስተዳድርባቸው መዝገቦችም ፋይሎች መሆናቸው ነው፤ ሠንጠረዡ ፋይል ነው፣ የትኛው የዲስክ ክፍል እንደተያዘ የሚያሳየው ካርታ ፋይል ነው፣ የለውጦች መዝገብ የሆነው ጆርናልም ፋይል ነው። አንድ አዲስ ሰነድ ሲፈጠር ከሠንጠረዡ ረድፍ ይያዛል፤ የረድፎቹ ካርታ ይታረማል፤ በፎልደሩ ማውጫ ውስጥ ስሙ በተራው ቦታ ይገባል፤ ማውጫው ዛፍ መሰል በመሆኑም አንዳንድ ጊዜ ቅርንጫፉ ለሁለት መከፈል ይኖርበታል፤ ለይዘቱ ቦታ ይመደባል፤ የዲስኩ ካርታም በዚያው ልክ ይለወጣል። እነዚህ ሁሉ እርስ በርስ ካልተስማሙ ሁለት ፋይሎች አንዱን ቦታ የእኔ ነው ሊሉ፣ ወይም አንድ ፋይል ባለቤት አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የሚያነብ ፕሮግራም ቢሳሳት ለተጠቃሚው የተሳሳተ ነገር ያሳየዋል እንጂ ዲስኩ እንደነበረ ይቆያል። የሚጽፍ ፕሮግራም ሲሳሳት ግን ስሕተቱ ዲስኩ ላይ ይሰፍራል፤ በዚያው ቀንም ላይታይ ይችላል። የተሳሳተው ካርታ ጉዳት የሚያደርሰው ሌላ ፕሮግራም አምኖት በላዩ ላይ ሲጽፍ ነው። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት የኤንቲኤፍኤስን የዲስክ ላይ አቀማመጥ የሚያብራራ የተሟላ መግለጫ ለሕዝብ አውጥቶ አያውቅም። የሊኑክስ ጸሐፍት አሠራሩን ያወቁት ዲስኮችን ባይት በባይት በመመርመርና ዊንዶውስ የሚያደርገውን በመከታተል ነው።

በዚህ ምክንያት የጉዳዩ የመጀመሪያ ዐሥር ዓመት የጥንቃቄ ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ በማርቲን ፎን ሎቪስ የተጀመረው ድራይቨር የመጻፍ አማራጭ ነበረው፤ በከርነሉ ማዋቀሪያ ውስጥ ግን ከአማራጩ ጎን «አደገኛ» የሚል ቃል በትልልቅ ፊደላት ተጽፎ ነበር። በኋላ አንቶን አልታፓርማኮቭ ድራይቨሩን እንደ አዲስ ሲጽፈው አስቀድሞ የመጻፍን ወሰን አጠበበው፤ የነበረን ፋይል ርዝመቱን ሳይለውጡ በላዩ ላይ መጻፍ ይቻላል፣ አዲስ ፋይል መፍጠር ወይም መሰረዝ ግን አይቻልም። ይህ ዛሬ ለሚያነበው አስቂኝ ሊመስል ይችላል። በእኔ ግምት ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ ሐቀኛው የምሕንድስና ውሳኔ እርሱ ነው፤ ድራይቨሩ የሚያደርገው ዋስትና ሊሰጥበት የሚችለውን ብቻ ነበርና። በሌላ ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የያን ክራቶክቪል ካፕቲቭ የተባለ ሥራ የማይክሮሶፍትን የራሱን ድራይቨር ወስዶ በሊኑክስ ውስጥ እስከ ማሠራት ደርሷል። የሌላውን ቤት ለመጠገን ባለቤቱን ራሱን ጠርቶ እንደማምጣት ነው።

በሩ በሰፊው የተከፈተው በሳቦልች ሳካቺች ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለሙከራ ቀረበ፤ በፌብሩዋሪ 2007 የመጀመሪያው የተረጋጋ እትም ወጣ። ከከርነሉ ውጭ እንደ ተራ ፕሮግራም ስለሚሠራ ቢወድቅ እንኳ ኮምፒውተሩን ይዞ አይወድቅም፤ ዋጋው የፍጥነት መቀነስ ነው። ከዚያ በኋላ ፓራጎን የተባለው ኩባንያ ለዓመታት ሲሸጠው የቆየውን ድራይቨር እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ለከርነሉ አበረከተ። ወደ 27,000 መስመር የሚደርሰው ጽሑፍ በአንድ ጥቅል ስለመጣ ገምጋሚዎቹ ከፋፍላችሁ አምጡ ብለው መለሱት፤ ከብዙ እርማት በኋላ በኦክቶበር 2021 በወጣው ሊኑክስ 5.15 ውስጥ ኤንቲኤፍኤስ3 በሚል ስም ገባ። በቀጣዩ ዓመት ተረካቢዎቹ ዝም አሉ፣ ድራይቨሩ ባለቤት አጥቷል የሚል ስጋት በከርነል ገንቢዎች መካከል በይፋ ተነሥቶ ነበር። ሥራው በኋላ ቀጥሏል፤ ሆኖም ስጋቱ አንድ ነገር አሳይቶ አልፏል። ድራይቨር ወደ ከርነል መግባቱ የሚንከባከበው ሰው ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። መጻፍ ይህን ያህል አስጊ ከሆነ ስርጭቶች ለምን ለንባብ ብቻ አይፈቅዱም? የአፕል ማክ ኦኤስ እስከ ዛሬ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል፣ በነባሪነት ግን አይጽፍበትም። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ደግሞ ከዚያም አልፎ ኤንቲኤፍኤስን በራሱ ጥቅል ውስጥ አላካተተም። ለአገልጋይ ኮምፒውተሮች ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ። ለተማሪና ለተመራማሪ ግን አይደለም፤ የከለከሉት ሰው መጻፉን አይተውምና። መረጃውን ወደ ፋት32 ፍላሽ ያዛውራል። ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ጆርናልም የለውም። ወይም ወደ ኤክስፋት ይሄዳል። ማይክሮሶፍት የኤክስፋትን መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ስላወጣ የሊኑክስ ድራይቨሩ በግምት ላይ አልቆመም፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ጆርናል ግን ኤክስፋትም የለውም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር በጽሑፍ መካከል ኮምፒውተር መጥፋቱ የዘወትር ነገር ስለሆነ ጆርናል የሌለውን ሥርዓት ለብቸኛ የመስክ መረጃ ቅጂ መምረጥ አይመከርም። የኤንቲኤፍኤስ ጆርናል የሚጠብቀው የፋይሎቹን አደረጃጀት እንጂ ይዘታቸውን አለመሆኑም ሊታወስ ይገባል፤ ከመጥፋቱ በፊት በነበረችው ደቂቃ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር ሊጠፋ ይችላል፣ ፎልደሩ ግን ቆሞ ይገኛል።

ስለዚህ የኔ አቋም መጻፍ ይፈቀድ የሚል ነው። ነገር ግን ድራይቨሩ እምቢ ማለት በሚገባው ጊዜ እምቢ ማለት አለበት፤ ስርጭቱም ያንን እምቢታ ማክበርና ማስረዳት አለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ነው።

አንድ የኤንቲኤፍኤስ ዲስክ በሥርዓት ሳይዘጋ ሲቀር በላዩ ላይ ምልክት ይቀራል፤ በጆርናሉ ውስጥም ያልተጠናቀቁ ለውጦች ሊኖሩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ድራይቨሮች የሚያደርጉት የተለያየ ነው። ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ በነባሪነት ጆርናሉን ባዶ አድርጎ ዲስኩን ለመጻፍ ይከፍተዋል፤ ይህም አለመጣጣም ሊያስከትል እንደሚችል የራሱ መመሪያ ያስጠነቅቃል። ኤንቲኤፍኤስ3 በአንጻሩ ጆርናሉን አንብቦ የተጀመሩትን ለውጦች ለመጨረስ ይሞክራል፤ ዲስኩ ንጹሕ እንዳልሆነ የሚያሳየው ምልክት ካለበትና ተጠቃሚው በግድ ክፈት ብሎ ካላዘዘ በስተቀር ለመጻፍ አይከፍተውም። አንዱ ዲስክ በአንዱ ስርጭት ላይ ያለ አንዳች ቃል ይከፈታል፤ በሌላው ላይ ይከለከላል። ተጠቃሚው ከልምዱ የሚደመድመው የመጀመሪያው ጥሩ፣ ሁለተኛው ብልሹ ነው ብሎ ነው። እውነቱ የዚህ ግልባጭ ነው፤ የከለከለው ድራይቨር የተማሪውን ፋይሎች ጠብቋል።

ከክልከላው በኋላ የሚሆነው ደግሞ የባሰ ነው። እርስ በርስ የምንለዋወጠው የተለመደ መፍትሔ ኤንቲኤፍኤስፊክስ የተባለውን ትእዛዝ አስኪዱት የሚል ነው። ትእዛዙ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል፣ ዲስኩም ይከፈታል። ስሙ ጥገናን ቢያመለክትም የሚሠራው ግን ጥቂት መሠረታዊ ስሕተቶችን ማረም፣ ጆርናሉን ወደ ባዶ መመለስና ዊንዶውስ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ እንዲፈትሸው ምልክት ማኖር ነው። መመሪያው ራሱ የዊንዶውስ ቼክዲስክ ምትክ አለመሆኑን በግልጽ ይናገራል። ያልተስማሙ ካርታዎችንና የተሰበሩ ማውጫዎችን አይፈልግም። እናም ዲስኩ በዊንዶውስ ላይ እስኪሰካ ድረስ፣ ምናልባትም ለወራት፣ በሊኑክስ ላይ እየተጻፈበት ይቆያል። ሊኑክስ ለራሱ ኤክስት4 የተሟላ የመፈተሻና የመጠገኛ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ ስርጭቶች ለኤንቲኤፍኤስ የሚያቀርቡት ግን ይህን ብቻ ነው። ስርጭቱ ብዕሩን ሰጥቶ ላጲሱን ሌላ ቤት ትቶታል።

ሁለት የአሠራር ሥርዓት በአንድ ኮምፒውተር ላይ የጫኑ ሰዎች የሚገጥማቸው ሌላ ወጥመድ ከዊንዶውስ 8 ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ፈጣን አነሣስ ነው። ተጠቃሚው ኮምፒውተሩን «አጥፋ» ሲለው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የከርነሉን ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ሊኑክስ በመካከል ገብቶ በዚያው ክፍልፍል ላይ ቢጽፍ ዊንዶውስ ሲነቃ የሚያምነው የድሮውን ትዝታውን ነው፤ በትዝታው መሠረትም በአዲሱ ላይ ይጽፋል። ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ይህን ሁኔታ ስለሚያውቀው ዲስኩን ለንባብ ብቻ ይከፍታል፤ ይሁንና የተኛውን የዊንዶውስ ሁኔታ ሰርዞ ለመጻፍ የሚያስችል አማራጭም አለው፤ ትዕግሥት ያጣ ተጠቃሚ ወደዚያ ይሄዳል። የሚገርመው ቀላሉ መውጫ ከተለመደው ግምት ጋር የሚጋጭ መሆኑ ነው። በዊንዶውስ «አጥፋ» ከማለት ይልቅ «ዳግም አስነሣ» ብሎ ሲነሣ ወደ ሊኑክስ መግባት የተሻለ ነው፤ ዳግም ማስነሣት ፈጣን አነሣስን ስለማይጠቀም ዲስኩ በሙሉ ይዘጋል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ የራሱ የሆነ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የፋይል ስም ነው። ብዙዎቻችን የግእዙን ሁለት ነጥብ በቁልፍ ሰሌዳ ላይ መፈለግ ስለሚታክተን የላቲኑን እንጠቀማለን። ሊኑክስ ይህን ምልክት በፋይል ስም ውስጥ ያለ ችግር ይቀበላል። በዊንዶውስ ዘንድ ግን የላቲኑ ሁለት ነጥብ የፋይሉን ስም ከተጓዳኝ የመረጃ ጅረት ስም የሚለይ ምልክት ስለሆነ በስም ውስጥ ክልክል ነው። በመሆኑም በሊኑክስ ላይ «ቃለ መጠይቅ 4: ደብረ ብርሃን» ተብሎ በኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ዊንዶውስ ላይ ስሙ ቢታይም በተለመደው መንገድ አይከፈትም፣ አይሰረዝምም። በግእዙ ሁለት ነጥብ ቢጻፍ ኖሮ ምንም አይደርስበትም ነበር። ሁለቱም ድራይቨሮች የዊንዶውስን የስም ሕግ የሚያስከብር «ዊንዶውስ_ኔምስ» የተባለ አማራጭ አላቸው፤ ዲስኩን በትእዛዝ መስመር የሚከፍት ሰው ግን አማራጩን ራሱ ካልጻፈው ሕጉ አይሠራም። በነገራችን ላይ ሌላው የታወቀ የስም ችግር፣ ማለትም በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች በዊንዶውስ ላይ መጋጨታቸው፣ የግእዝ ፊደልን አይነካውም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውምና።

ከዚህ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ እንቅፋትም አለ። ኤንቲኤፍኤስ ስምን የሚለካው በዩቲኤፍ-16 አሃድ ሲሆን ገደቡ 255 ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል አንድ አሃድ ይይዛል። ኤክስት4 ደግሞ የሚለካው በባይት ነው፤ ገደቡ 255 ባይት ሆኖ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በኤክስት4 ላይ የአማርኛ ስም 85 ፊደል አካባቢ ላይ ይቆማል። ሙሉውን የጥናት ርእስ የፋይል ስም ማድረግ ለሚወድ ተማሪ ይህ ጠባብ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ በሰላም የኖረው ፋይል ወደ ሊኑክስ ሲገለበጥ ስሙ ረዘመ ተብሎ ይቀራል፤ መቶ ፋይሎች በአንድ ላይ ሲገለበጡ አንዱ መቅረቱን የሚያስተውልም ጥቂት ነው።

ስለ ፈቃድ ሥርዓት አንድ ነገር ብቻ ልበል። በዊንዶውስ ላይ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተፈቀደ ፎልደር በሊኑክስ ላይ በተለመደው አከፋፈት ዲስኩን ለሰካው ሰው ሁሉ ይታያል። የሰዎችን ምስጢር የያዘ ቃለ መጠይቅ በምስጢራዊ ኮድ ካልተቆለፈ በስተቀር የዊንዶውስ ፈቃድ አይጠብቀውም።

ይህ ሁሉ የስርጭት አዘጋጆችን ብቻ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍሎችንም ይመለከታል፤ ለብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ወጥ የሊኑክስ ቅጂ የሚያዘጋጅ ባለሙያ በእውነቱ አነስተኛ ስርጭት እያዘጋጀ ነው። የትኛው ድራይቨር እንደሚሠራ የሚወስነው እርሱ ነው። ንጹሕ ያልሆነ ዲስክ ሲመጣ ለንባብ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ፣ ኤንቲኤፍኤስ-3ጂን ከመረጠም ጆርናሉን ባዶ የማድረግ ልማዱን ማጥፋት፣ የስም ሕጉን ማስከበር በማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የጥቂት መስመሮች ሥራ ነው። ከዚያም በክፍሉ ውስጥ አንድ የዊንዶውስ ኮምፒውተር፣ ቢያንስ በቨርቹዋል ማሽን መልክ፣ ለዲስክ መፈተሻ ብቻ ማቆየት ያስፈልጋል። ሊኑክስን የሚወድ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለው ይሆናል፤ የተሟላው መጠገኛ ያለው እዚያ እስከሆነ ድረስ ግን ከዚህ የሚቀል መንገድ አይታየኝም።

የቀረው የመልእክቱ ጉዳይ ነው። ዛሬ ኤንቲኤፍኤስ3 አልከፍትም ሲል ተጠቃሚው ፊት የሚመጣው የፋይል ሥርዓቱ ዓይነት ስሕተት ነው፣ ወይም አማራጩ ስሕተት ነው፣ ወይም ሱፐርብሎኩ ተበላሽቷል የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ የግምት ዝርዝር ነው፤ እውነተኛው ምክንያት በከርነሉ መዝገብ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። በዚያ ቦታ ይህን የመሰለ ጽሑፍ ሊቆም ይችላል፦ «ይህ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ በሥርዓት አልተዘጋም። ፋይሎችዎን ማንበብና ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይችላሉ። ሊጽፉበት ከፈለጉ አስቀድመው በመፈተሻው ኮምፒውተር ላይ ያስፈትሹት።»